ቫዮሊንና የቤት መምህሩ

ከጥበባት መካከል በመጽሐፍ ብቻ ሊወረሱ የማይችሉ አሉ። ከእነዚህም አንዱ ቫዮሊን መጫወት ነው። ጊታር ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያመለክቱ የብረት መስመሮች በአንገቱ ላይ አሉት፤ ፒያኖም ቁልፉን ለነካው ሁሉ የተዘጋጀ ድምፅ ይሰጣል። ቫዮሊን ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ጣት ከስፍራው ጥቂት ቢያልፍ ድምፁ ይበላሻል፤ እንደ ማሲንቆ አውታሩን የሚያሸው ደጋንም ከልክ በላይ ቢከብድ ይጮኻል፤ ከልክ በታች ቢቀል ደግሞ ያፏጫል። የተማሪው ጆሮ ስሕተቱን እየለመደው ስለሚሄድ፣ ብቻውን ሆኖ ቢደክም ጥፋቱን ያጸናል እንጂ አያቃናም። ስለዚህ ከአጠገቡ ሆኖ የሚሰማለት ሌላ ጆሮና ክንዱን ይዞ የሚመራው ሌላ እጅ ያስፈልገዋል።

ይህን ጆሮና ይህን እጅ የሚሰጠው መምህሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነውም፣ በቤቱ ሆኖ በራሱ ስም ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየተቀበለ የሚያስተምረው የቫዮሊን መምህር በታሪክ ምን እንደ ሠራ ነው። ታላላቆቹ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ከመቋቋማቸው በፊት ጥበቡን ጠብቆ ያስተላለፈ እርሱ ነው፤ ከተቋቋሙም በኋላ ሥራው አልቀረም። ሆኖም በእርሱና በተማሪው መካከል ብዙ ጊዜ አንድ በር ነበረ፤ የበሩም ቁልፍ ፈቃድ በሚሰጥ ሹም እጅ ይገኝ ነበር። በሩ በተከፈተ ጊዜ ምን እንደ ተገኘና በተዘጋ ጊዜ ምን እንደ ጐደለ ከታሪኩ እንረዳለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን ለአንባቢ እናሳስባለን።

ቫዮሊን የዛሬ መልኩን ያገኘው በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ነው። በመጀመሪያ ለጭፈራና ለግብዣ ማድመቂያ ሆኖ ሲያገለግል ቈይቶ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በአርካንጄሎ ኮሬሊ እጅ ከፍ ያለ ክብር አገኘ። ኮሬሊ ከ1653 እስከ 1713 የኖረ ሲሆን፣ በሮማ ከተማ ተቀምጦ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ከእነርሱም አንዱ የቶሪኖው ሶሚስ ነው። ሶሚስ ፑኛኒን አስተማረ፤ ፑኛኒ ቪዮቲን፣ ቪዮቲ ፈረንሳዊውን ሮድን፣ ሮድ ቦምን፣ ቦም ዮአኪምን፣ ዮአኪምም ሊዮፖልድ አውርን አስተማረ። ከኮሬሊ እስከ አውር ድረስ ከሁለት መቶ ዓመት የሚበልጥ ዘመን አልፏል፤ ነገር ግን የመምህራኑ ቍጥር ስምንት ብቻ ነው። የአገራችን የዜማ መምህራን እገሌ ከእገሌ ተማረ እያሉ የትምህርታቸውን ሐረግ እንደሚቈጥሩ ሁሉ፣ የቫዮሊን ሰዎችም የመምህሮቻቸውን ስም የሚቈጥሩት እንደዚሁ ነው።

ከእነዚህ የኢጣልያ መምህራን መካከል የማስተማር ዘዴው በግልጽ ተጽፎ የቀረልን ጁዜፔ ታርቲኒ ነው። ታርቲኒ በ1692 ፒራኖ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ፤ ከ1721 ጀምሮ በፓዱዋ ከተማ በቅዱስ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የቫዮሊን አለቃ ሆኖ ያገለግል ነበር። መተዳደሪያው ከቤተ ክርስቲያኑ የሚያገኘው ደመወዝ ቢሆንም፣ በ1720ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ የከፈተው ትምህርት ቤት ግን የራሱ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ዝናው የመምህሩ ዝና፣ ሕጉም የመምህሩ ቃል ነበር። ከጀርመንና ከፈረንሳይ፣ ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች ይጐርፉበት ስለ ነበር የአሕዛብ ትምህርት ቤት የሚል ስም ወጣለት።

ታርቲኒ ተማሪዎቹን የሚፈትንበት አንድ ብልኀት ነበረው። ሁለት አውታሮች በአንድነት በትክክል በተመቱ ጊዜ፣ ከሁለቱ በታች ማንም ያልነካው ሦስተኛ ወፍራም ድምፅ እንደሚሰማ አስተውሎ ነበር። ይህንንም በ1754 ባሳተመው የሙዚቃ መጽሐፉ ውስጥ ገልጾታል። ለተማሪዎቹ ግን ይህ ነገር የፍልስፍና ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ሚዛን ነበር። ሦስተኛው ድምፅ ከተሰማ ጣቶቹ ከስፍራቸው አርፈዋል፤ ካልተሰማ ግን አንዱ ጣት ተሳስቷል ማለት ነው። እንግዲህ መምህሩ በሌለበት ሰዓት ተማሪው ራሱን የሚመዝንበትን መሣሪያ ሰጥቶታል ማለት ነው። ተማሪ ያለ መምህሩ እንዲቆም ማዘጋጀት የመልካም መምህር ምልክት ነው።

በዚያው ዘመን በቬኒስ ከተማ ማዳሌና ሎምባርዲኒ የምትባል ልጅ ነበረች። ተወልዳ ያደገችው በዚያችው ከተማ ሲሆን፣ የተወለደችውም በ1745 ነው። በሰባት ዓመት ዕድሜዋ በቬኒስ ከነበሩት አራት የበጎ አድራጎት ቤቶች አንዱ ወደ ሆነው ወደ ሜንዲካንቲ ገባች። እነዚህ ቤቶች ድኾችንና ሙት ልጆችን ከማሳደጋቸው ሌላ ሴቶች ልጆችን ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። ስመ ጥሩው ቪቫልዲም በ1703 የቫዮሊን መምህር ሆኖ የተቀጠረው ከእነዚሁ ቤቶች በአንደኛው፣ በፒየታ ነው። የቤቶቹ ሥርዐት ግን ጥብቅ ነበር። ልጃገረዶቹ በቤተ ክርስቲያን ሲጫወቱ ከፍርግርግ ጀርባ ሆነው ነው፤ ከግቢውም የሚወጡት በአስተዳዳሪዎቹ ፈቃድ ብቻ ነበር። የመምህራኑም ቦታ ቢሆን የጸና አልነበረም፤ የቪቫልዲ ሹመት በአስተዳዳሪዎቹ ድምፅ በ1709 ቀርቶበት በ1711 እንደ ገና ተመልሶለታል።

ማዳሌና ከታርቲኒ ዘንድ ለመማር ፈለገች። ፓዱዋ ከቬኒስ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለምትኖር ልጃገረድ ግን ይህ መንገድ ቀላል አልነበረም። መምህሩም በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ ሰባት ዓመት ደርሶ ነበር። ስለዚህ በመጋቢት ወር በ5ኛው ቀን 1760 ታርቲኒ ለዚህች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አንድ ደብዳቤ ጻፈላት። ይህ ደብዳቤ በሩቅ ላለች አንዲት ተማሪ የተሰጠ ትምህርት ነው። በታርቲኒ ሞት ዓመት በ1770 በቬኒስ ታተመ፤ በሚከተለውም ዓመት እንግሊዛዊው ቻርልስ በርኒ ወደ ቋንቋው ተርጕሞ አወጣው።

በደብዳቤው ውስጥ የሚገኘው ምክር ቀላልና የታሰበበት ነው። መምህሩ የሚጀምረው ከደጋኑ ነው። ደጋኑ አውታሩን በሚነካበት ጊዜ እንደ ትንፋሽ በልስላሴ እንዲጀምርና እንደ ምት ሆኖ እንዳይወድቅ ያሳስባታል። ለዚህም፣ ምንም ጣት ባላረፈበት ባዶ አውታር ላይ ድምፁን ከማይሰማ ጀምራ ቀስ በቀስ እያጐላች፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እየቀነሰች እስኪጠፋ ድረስ እንድትለማመድ ያዝዛታል። ልምምዱም በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲሆን፣ ይኸውም ጥቂቱ በጧት ጥቂቱ በማታ እንዲፈጸም ይመክራታል። ቀጥሎም ከኮሬሊ ሥራዎች ፈጣኖቹን ክፍሎች ወስዳ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየለየች፣ በመጀመሪያ በዝግታ በኋላም በፍጥነት፣ አንድ ጊዜ በደጋኑ ጫፍ አንድ ጊዜም በመካከሉ እንድትጫወት ይነግራታል። ስለ ግራ እጅ ደግሞ ከተለመደው የጣት ስፍራ ወጥታ በአንገቱ ላይ ወደ ላይ ከፍ እያለች ማናቸውንም ጽሑፍ ማንበብ እንድትለምድ ያመለክታታል። በመጨረሻም ድምፅን በጣት ስለ ማንቀጥቀጥ ሲያስተምር፣ ከዝግታው ጀምሮ ወደ ፍጥነቱ ማደግ እንደሚገባ ያስረዳታል።

ልብ ልንለው የሚገባን፣ ታላቁ ሊቅ ከአስደናቂው የጨዋታ ስልት አንዱንም አስቀድሞ አለመጻፉን ነው። የመረጠው ልጅቱ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ልትሠራው የምትችለውን ነው። ባዶ አውታርና አንድ ሰዓት ጊዜ ማንም ሊነሣት አይችልም።

ቈይቶም የሜንዲካንቲ አስተዳዳሪዎች ወደ ፓዱዋ ሄዳ ከመምህሩ እንድትማር ፈቀዱላት። የፈቃዱ ፍሬ ምን እንደ ሆነ ታሪክ መዝግቦታል። ማዳሌና በ1767 ሉዶቪኮ ሲርሜን የሚባለውን የቫዮሊን ሰው አገባች፤ በ1768 በፓሪስ ታላቅ ጉባኤ ፊት፣ በ1771 ደግሞ በሎንዶን ተጫወተች። ስድስት የቫዮሊን ኮንቼርቶዎችዋም ታትመው ከቬኒስ ውጭ ባሉ አገሮች ተሠራጭተዋል። ሴት ልጅ በአደባባይ ቫዮሊን ይዛ መቆሟ እንደ እንግዳ ነገር በሚታይበት ዘመን ይህ ሁሉ ሆነ። በዚያች ቀን አስተዳዳሪዎቹ ፈቃዱን ነፍገው ቢሆን ኖሮ ማን እንደ ቀረብን እንኳ አናውቅም ነበር።

የቤት መምህራን ሥራ በደብዳቤ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ጥበባቸውን ለሕዝብ ያዳረሱትን መጻሕፍት የጻፉትም እነርሱ ናቸው። የኮሬሊ ተማሪ የነበረው ጄሚኒያኒ በ1751 በሎንዶን የቫዮሊን ማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። የዎልፍጋንግ ሞዛርት አባት ሊዮፖልድ ሞዛርትም፣ ልጁ በተወለደበት በ1756 ዓመት የራሱን መጽሐፍ በአውግስቡርግ ከተማ አወጣ። ሊዮፖልድ በሳልዝቡርግ ቤተ መንግሥት ቫዮሊን ይጫወት ነበር፤ ተማሪዎችንም ያስተምር ነበር። መጽሐፉን ለመጻፍ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ፣ በመጥፎ መምህር እጅ ወድቀው የተበላሹ ተማሪዎች ወደ እርሱ እየመጡ እንደ ገና ከመጀመሪያው መጀመር ስላስፈለጋቸው ያደረበት ኀዘን ነው። ከዚህ የምንረዳው የቤት ትምህርት አደጋም እንዳለበት ነው። መምህር ነኝ ያለ ሁሉ መምህር አይደለም፤ ልጁን የሰጠ ወላጅም የተሰጠውን ትምህርት የሚለካበት መለኪያ አልነበረውም።

መለኪያ እንዲገኝ የተደረገው ታላቅ ሙከራ የፓሪስ ኮንሰርቫቷር ነው። የፈረንሳይ አብዮት መንግሥት በ1795 ይህን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ባዮ፣ ሮድና ክሮይትዘር የተባሉት ሦስት መምህራንም በ1803 ለትምህርት ቤቱ የሚያገለግል አንድ የቫዮሊን ማስተማሪያ አዘጋጁ። ነገር ግን ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዕውቀቱን ያገኘው ከየት ነው? ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ወደ ቤት መምህሩ ይመልሰናል። ቀደም ሲል በሐረጉ ውስጥ ስሙን የጠራነው ቪዮቲ፣ የፑኛኒ ተማሪ ሆኖ ከኢጣልያ ወጥቶ በ1782 ፓሪስ ደረሰ። ከዐሥር ዓመት በኋላ አብዮቱ ወደ ሎንዶን አሰደደው፤ ስለዚህ በኮንሰርቫቷሩ ወንበር ይዞ አላስተማረም። ሆኖም ሮድ በልጅነቱ ከእርሱ ዘንድ የተማረ ነው፤ የቀሩት ሁለቱም አጨዋወቱን እንደ አርአያ ያዩት ነበር። ትምህርት ቤቱ በደንብ፣ በፈተናና በመጽሐፍ ያጸናው ዕውቀት አስቀድሞ ከአንድ መምህር ወደ አንድ ተማሪ የተላለፈው ነው።

ትምህርት ቤት በተቋቋመበት አገር እንኳ የፈቃዱ ጥያቄ አልተወገደም። ሊዮፖልድ አውር በ1845 በሁንጋርያ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ ከ1868 እስከ 1917 በሴንት ፒተርስቡርግ ኮንሰርቫቷር ሲያስተምር ኖሯል። ያሻ ሃይፌትዝ የሚባለው ሕፃን ከቪልና ከተማ ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ ችግር ተነሣ። በንጉሠ ነገሥቱ ሕግ መሠረት አይሁድ በዋና ከተማው ለመኖር ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ልጁ ተማሪ በመሆኑ ሊቀመጥ ይችላል፤ አባቱና እናቱ ግን አይችሉም። ሕፃኑን ብቻውን መተው ስለማይቻል፣ አውር አርባ ዓመት ገደማ የሆነውን አባቱን ራሱን ተማሪ አድርጎ በክፍሉ መዘገበው። አባትየውም ቫዮሊን ይጫወት ስለ ነበር ምዝገባው በሕጉ ፊት ቆመ። ሃይፌትዝ በ1917 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ሲጫወት ዓለም የሰማው ድምፅ፣ በአንድ መዝገብ ላይ በተጻፈ በአንድ የአባት ስም የዳነ ድምፅ ነበረ።

በዚያው አገር በኦዴሳ ከተማ ፒዮትር ስቶልያርስኪ የሚባል መምህር ነበረ። እርሱ በራሱ ቤት ሕፃናትን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ዳዊት ኦይስትራክ በ1913 ገደማ በአምስት ዓመት ዕድሜው ወደ እርሱ ገብቶ መማር ጀመረ፤ በ1937ም በብሩሴል በተደረገው በኢዛይ ስም በተጠራው ውድድር አንደኛ ወጣ። ናታን ሚልስታይንም የጀመረው በዚሁ መምህር እጅ ነው። የሶቪየት መንግሥት በ1933 ተሰጥዎ ላላቸው ሕፃናት በኦዴሳ ልዩ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያቋቁም፣ ትምህርት ቤቱ በስቶልያርስኪ ስም ተሰየመ። በዚህ ጊዜ መንግሥት ብልኅ ሥራ ሠርቷል ለማለት እንችላለን፤ የቤት መምህሩን ሥራ ሳያፈርስ ግንብና በጀት ጨመረለት።

ይህ ታሪክ የአውሮፓ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የውብዳር ገብሩ፣ በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ተልከው በዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ጀመሩ። ዓለም ኋላ በፒያኖ ያወቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እኒህ ናቸው። በ1933 ወደ አገራቸው ተመልሰው ትምህርታቸውን በመቀጠል ላይ ሳሉ የፋሽስት ወረራ ደረሰ፤ በ1937ም ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው በኢጣልያ አዚናራ በምትባለው ደሴት፣ ከዚያም በናፖሊ አቅራቢያ ታሰሩ። ቫዮሊንን ከክብሩ ያደረሰችው አገር ሠራዊት፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቫዮሊን ተማሪን ከትምህርቷ ነጥሎ አሰረ።

ከነጻነት በኋላ የውብዳር ትምህርታቸውን የቀጠሉት በካይሮ፣ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ቫዮሊን ሊቅ ዘንድ ነው። በዚያ ጊዜ በቀን ለዘጠኝ ሰዓት ያህል፣ ይኸውም አምስቱን ለቫዮሊን አራቱን ለፒያኖ መድበው ይለማመዱ እንደ ነበር በእርጅናቸው ዘመን ተናግረዋል። ታርቲኒ ለልጃገረዷ ካዘዘው ከአንድ ሰዓት ጋር ስናስተያየው የትጋታቸው መጠን ይታወቃል። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መምህራቸው አብሯቸው መጣ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኮንቶሮቪችን የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ መሪ አድርገው ሾሙት። እንግዲህ አንዲት ተማሪ ለራሷ ትምህርት የፈለገችው መምህር ለአንድ የሙዚቃ ጓድ በሙሉ ተረፈ።

ነገር ግን ቀጥሎ ሎንዶን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ኀዘኑ እህል እስከ መተው አደረሳቸው፤ ከዚህም በኋላ ዓለምን ንቀው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱና መነኰሱ። እኛ የእግዚአብሔርን ጥሪ በሰው መዝገብ ልንመረምር አይገባንም፤ የምንኵስና ሕይወታቸውም የተባረከ እንደ ነበር ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም በሙዚቃ ታሪክ በኩል ብቻ ስናየው፣ በስዊስ ተጀምሮ በእስራት ተቋርጦ በካይሮ የታደሰው የቫዮሊን ትምህርት በዚያ ላይ ቆመ። ዓለም ዛሬ የሚያደንቀው የእማሆይን ፒያኖ ነው፤ ቫዮሊናቸው ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ግን የሚመሰክር የለም።

እማሆይ ኋላ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ከየአገሩ መጥተው ከመምህራን እግር ሥር የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች ማደሪያ አጥተው ሲንከራተቱ አዩ። ለእነዚህና ለሌሎች ድኾች ልጆች መርጃ እንዲሆን በማሰብም በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያውን የሙዚቃ ሸክላቸውን አስቀረጹ። የራሳቸው ትምህርት የተቋረጠባቸው ሴት፣ የሌሎች ትምህርት እንዳይቋረጥ ጥበባቸውን ሰጡ። በመጋቢት ወር 2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አርፈዋል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ ትምህርት ቤትና የቤት መምህር ባላንጣዎች አይደሉም። የቤት መምህሩ ጥበቡን በአንድ ተማሪ እጅ ያስቀምጣል፤ ትምህርት ቤቱ ይለካዋል፣ ለብዙዎች ያዳርሰዋል፣ መምህሩም ባረፈ ጊዜ ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር ያደርጋል። ሊዮፖልድ ሞዛርት ያዘነበት ጥፋት የሚታረመው በትምህርት ቤቱ መለኪያ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የሚለካውን ነገር የሚያገኘው ከመምህሩ ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የበሩ ጉዳይ ነው። የሜንዲካንቲ አስተዳዳሪዎች፣ የአውር የክፍል መዝገብ፣ ያልተፈቀደው የሎንዶን ጕዞ፣ ሦስቱም በዕለቱ ሲታዩ አነስተኛ የጽሕፈት ቤት ጉዳዮች ነበሩ። ፈቃዱን የሰጠም ሆነ የነፈገ ሰው የሙዚቃን ታሪክ የሚወስን መስሎ አልታየውም ይሆናል። ጥበብ ግን እንዲህ ባለው ቀን ታልፋለች ወይም ትቀራለች፤ የተማሪ ዕድሜ አጭር ነውና። የጣት ቅልጥፍና የሚገኝበት የልጅነት ዘመን ካለፈ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ አይደለም።

ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የአንድ ተማሪ ማመልከቻ የቀረበለት ሹም፣ አንድ ልጅ ችሎታ እንዳለው ያስተዋለ የመደበኛ ትምህርት መምህር፣ ልጁን ወደ ሙዚቃ መምህር ቤት ለመላክ የሚያመነታ ወላጅም ይህን ታሪክ ቢያስታውሱት መልካም ነው። ለተማሪዎቻችን ደግሞ የምናስታውሳቸው ያንን የፓዱዋ ደብዳቤ ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ባዶው አውታር አለ፤ ጧት ጥቂት፣ ማታም ጥቂት።